ጫማ መስሎኝ

ጅጅጋ ውስጥ ያኔ ውሃ በጋሪ ነበር የሚመጣልን። ጋሪው ላይ በርሜል ይተኛል፣ ፈረሱ ይጎትታል፣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ይንጠለጠላሉ። ተቆጥተን አልቻልናቸውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበርሜሉ ማሰሪያ ተበጠሰና በርሜሉ ተንከባለለ። ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ ከሥር ነበረች።

ሮጬ ስደርስ አታለቅስም። አቧራው ላይ ተጋድማ እግሯን ታያለች። ቀኝ ጭኗ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል።

"እማዬ፣ አንድ እግር ጫማዬ ጠፋ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ባለፈ ማግስት ከሸዋ ወደ ጅጅጋ ተመደበ፤ ልጃችን እዚያው ተወለደች። ሌላ ልጅ አልነበረንም።

በሆስፒታሉ አጥንት የሚያይ አንድ ሐኪም ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ገና ወጣት። በጋዋኑ ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ስለሚዞር በሽተኞቹ "ልብስ ሰፊው" ይሉታል። እሱም ያውቃል። "ዛሬስ ለማን ልለካ?" እያለ ነው ክፍሉ የሚገባው።

የልጄን እግር በፋሻ ጠቀለለ። ከፋሻው ገመድ አሰረ፤ ገመዱን በአልጋው ግርጌ ባለች የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ ላይ አሳልፎ ጫፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠለ።

"የጭን ጡንቻ ኃይለኛ ነው" አለኝ። "የተሰበረውን አጥንት ወደ ላይ ይስበዋል። እኛ ደግሞ ቀስ ብለን ወደ ታች እንስባለን።"

ሥራውን ሲጨርስ፣ "ነገ ጫማዋን አምጪልኝ" አለ።

"ጫማ? ዶክተር፣ መቼ ልትራመድ?"

"አዲስ አይደለም የምልሽ። አሮጌውን፣ የምታዘወትረውን።"

የጠፋችውን አንድ እግር ጫማ ያመጣልኝ ባለጋሪው ነው። በማግስቱ ጠዋት አጥቦ ይዟት መጣ። በር ላይ ቆሞ ዘረጋልኝ እንጂ ዓይኔን ማየት አልቻለም። "እግዜር ይማርልሽ" ብሎ ሄደ። ክፉ ቃል ልናገረው አስቤ ነበር፤ የታጠበችውን ጫማ ሳይ ተውኩት።

ሐኪሙ ሁለቱንም ገልብጦ ሶላቸውን በጣቱ ዳሰሰ።

"እኩል ነው ያለቁት" አለ፣ ደስ ብሎት። "ከመሰበሯ በፊት እግሮቿ እኩል ነበሩ ማለት ነው።"

ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገረኝ። የልጅ አጥንት ሲሰበር ተጠግኖ ብቻ አይቀርም፤ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ይቸኩላል፣ ከጤነኛው እግር ፈጥኖ ያድጋል። ይህ በሌላ አገር ልጆች ታይቷል። የእኛዎቹስ? በእንጀራ ያደገ የከተማ ልጅ፣ በወተት ያደገ የገጠር ልጅ፣ ክፉ ቀን ያየ ልጅ፣ የሁሉም አጥንት እኩል ይቸኩላል ወይ? ይህን ለማወቅ ጭናቸው የተሰበረ ልጆችን ይለካል፤ ከዳኑ በኋላም እየጠራ ይለካል። ጫማቸውንም ያያል። አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ሳያውቀው የአንዱን ጫማ ሶል ለይቶ ይጨርሳል አለኝ።

"ሜትር ስይዝ እጄ ሊሳሳት ይችላል" አለ። "ሶል ግን አይዋሽም።"

ልጄን በጥናቱ ላስገባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ልቤ ያለው ሕመሟ ላይ ነበርና ብዙም አላሰብኩበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ አንድ ወንድ ልጅ ተኛ። ከቱሊ ጉሌድ ገጠር የመጡ ናቸው። ቤተሰቡ ሠፈር ሲቀይር ከተጫነ ግመል ላይ ወድቆ፣ እንደ ልጄ ጭኑን ተሰብሯል። ዕድሜውም እንደሷ ነው። እናቱ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ እንደ እኔ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። የሱንም እግር በገመድና በአሸዋ ወጠሩት።

ሶማሊኛ የሚያስተረጉመው የሆስፒታሉ ድሬሰር ለክትባት ሥራ ወደ አውበሬ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ሶማሊኛ ትችያለሽ አይደል?"

"እችላለሁ" አልኩ።

የምችለው የገበያውን ነው። ወተት፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጫማ። ስንት ነው፣ ተወደደ፣ ቀንሺ። በነዚህ ቃላት ጅጅጋ ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል።

"የልጁን ጫማ ታምጣ በያት።"

"ከቦ" አልኳት፣ እግሬን በጣቴ እያሳየሁ። ከብ ጫማ ነው፣ ሲበዛ ከቦ ይሆናል።

ሴትየዋ የልጇን ባዶ እግር አየች። እኔን አየች። ልጁ ጫማ አልነበረውም።

"ተይው፣ ተይው" አለ ሐኪሙ ቶሎ ብሎ። "አሳፈርኳት።"

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ሲገባ ሴትየዋ ተነሥታ ቆመች። እጇን የልጇ ጭን ላይ አድርጋ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "ሃ ለ ከቦ" አለችው።

"ምን አለች?" አለኝ።

"ጫማ ይደረግለት ትላለች።"

ፊቱ በራ። "ይደረግለታላ! ሲድን ይራመድበታል በያት።"

ይህን ሁሉ በሶማሊኛ ማለት አልችልም። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁላት። ሐኪሙም ፈገግ አለላት። እሷ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

በየጠዋቱ እንደዚያው ሆነ። እሷ እጇን የልጁ ጭን ላይ አድርጋ ከቦ ትላለች፤ እኛ ፈገግ እንላለን። ምን ዓይነት ሴት ናት አልኩ በሆዴ፤ ልጇ አልጋ ላይ ታስሮ ስለ ጫማ የምታስብ።

በዚህ መሀል ልጄ ሌላ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። አጥንት ሲጠገን እንደ ተሰበረ ሸክላ ጫፍ ለጫፍ የሚገጥም ይመስለኝ ነበር። እዚያ ያየሁት ሌላ ነው። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች እንደ ተኳረፉ እኅትማማቾች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

"አልገጠመም" አልኩ።

"አዎ፣ አልገጠመም። እንዲገጥምም አልፈለግሁም። የጣት ጥፍር ያህል ተደራርቦ እንዲጠገን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አሁን ጫፍ ለጫፍ ባደርገው፣ አጥንቱ ሲቸኩል ይሄ እግሯ ከሌላው ይረዝማል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠር ብላ ትነሣለች፤ ከዚያ ትደርሳለች።"

"ካልደረሰችስ?"

"እንደምትደርስ አምናለሁ። ምን ያህል እንደምትደርስ ነው የማጠናው።"

እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

ልብስ ልቀይር ወደ ቤት ስሄድ ጎረቤቴ መጡ። አባታቸው ጥንት በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ራሳቸው ጅጅጋ የተወለዱ ባልቴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ያየሁትን ነገርኳቸው።

"አጥንት ነው ወይስ ማገዶ ነው፣ የሚደራርበው?" አሉኝ።

"ሆን ብዬ ነው አለኝ፣ እትዬ።"

"ሆን ብሎ! የባሰ አታምጣ። አንቺ ልጅ፣ ሴት ልጅ እኮ ናት። ነገ እያነከሰች ልትቀርልሽ ነው? በሐረር መንገድ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። አሁን ሳይጠና ይሳበው። ከጠና ወዲያ እንደገና መስበር ነው።"

ወጌሻ አልንቅም። የአባቴን ክንድ የጠገነው ወጌሻ ነው፤ አባቴ እስኪሞት አርሶበታል። ደግሞም እትዬ ልጄን ይወዷታል። የሚናገሩት እሷን ብለው ነው።

ለባለቤቴ የቀረበለት ሻይ ሳይነካው ቀዘቀዘ። "አብረሻት የምትውዪው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ልብሽ ያለሽን አድርጊ።"

ልቤ ምንም አላለኝም። ጸለይኩ። ልጄ ሳታነክስ ከሄደች ለእመቤታችን ጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተስዬም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ቅዳሜ ከሆስፒታል ላወጣት ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ በአንድ እጄ ልጄን የምጠቀልልበትን ብርድ ልብስ፣ በሌላው ጫማ ይዤ ነበር። ጫማው ለሴትየዋ ልጅ ነው። ሐኪሙ ከኪሱ ሰጥቶ ግዢለት ብሎኝ ከገበያ የመረጥኩት ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ከድንበር ማዶ የሚገባው ዓይነት። ከመሄዴ በፊት አደራዬን ላድርስ ብዬ ነው ወደ እነሱ አልጋ ቀድሜ የሄድኩት።

ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ድሬሰሩም ከአውበሬ ተመልሶ አጠገቡ ቆሟል። ጫማውን በሁለት እጄ ለሴትየዋ ሰጠኋት።

"ከቦ" አልኳት፣ ፈገግ ብዬ።

ጫማውን አየች። በገመድ የተወጠረውን የልጇን እግር አየች። እንደገና ጫማውን አየች። ከዚያ ወደ ድሬሰሩ ዞራ መናገር ጀመረች። ከመጣች ጀምሮ በሆዷ ያፈነችውን ሁሉ አንድ ጊዜ አወጣችው። ድሬሰሩ መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ አልቻለም፤ ሣቀ።

"የቲቸር ሚስት" አለኝ፣ "ምን ብለሽ ነው ስታስተረጉሚ የከረምሽው?"

"ጫማ ይደረግለት ትላለች ብዬ ነዋ።"

"ኧረ የምን ጫማ! ይጠገንለት ነው ያለችው! ከብ ጫማ ነው፤ የተሰበረ አጥንት መጠገንም ከብ ነው። ሃ ለ ከቦ ማለት ይጠገንለት ማለት ነው!"

"አሁንስ ምን ትላለች?" አለ ሐኪሙ።

ድሬሰሩ ሣቁን ዋጥ አደረገ። "በየጠዋቱ ልጄን ጠግኑልኝ እላቸዋለሁ፣ በየጠዋቱ ጥርሳቸውን ያሳዩኛል። አሁን ደግሞ ጫማ ገዝተው መጡ። እዚህ ቤት ጤነኛ ሰው የለም ወይ? ትላለች።"

ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። ድሬሰሩ የእኔን ስህተት ሲያስረዳት ሴትየዋ መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ጫማውን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን ወደ ዕንባ ሄደ። ያቺ ሴት በየጠዋቱ ቆማ የለመነችው እኔ በሆዴ የያዝኩትን ነው።

ወንድሟ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በዚያች ቅዳሜ ልጇን አውጥታ በአገራቸው ወዳለ ወጌሻ ልትወስደው ኖሯል።

"እኔም ልወስዳት ነው የመጣሁት" አልኩ፤ ብርድ ልብሱን አሳየሁ።

ሐኪሙ ብርድ ልብሱን አየ። አልተቆጣም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠና የሁለቱን ልጆች ፊልም አስመጣ። የሷ ልጅም አጥንት እንደ ልጄ ጎን ለጎን ተኝቷል። ለእኔ የነገረኝን ለሷም ነገራት፤ ድሬሰሩ እያስተረጎመ።

ሴትየዋ ፊልሙን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ይዛው ቆየች። ከዚያ ሁለት ጣቶቿን ጎን ለጎን አድርጋ በሌላው እጇ ጠመጠመቻቸው።

"ቤታችንን ስንሠራ ትላለች" አለ ድሬሰሩ፣ "ጣሪያው የሚታጠፍ ረጅም እንጨት ይፈልጋል። አንዱ ካልበቃ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አናስርም፣ አይይዝም። ጎን ለጎን አስተኝተን በልጥ እንጠመጥመዋለን።"

"በቃ፣ እሱ ነው!" ሐኪሙ ከበርጩማው ተነሣ። "እዚህ ልጡን የሚጠመጥመው የልጁ ደም ነው። በሁለቱ ዙሪያ አዲስ አጥንት ያበቅላል።"

ሴትየዋ ግን አልጨረሰችም።

"የተደራረበ እንጨት ያጥራል ትላለች።"

"ያጥራል" አለ ሐኪሙ። "ልዩነቱ፣ የእናንተ እንጨት አያድግም።"

ይህን ሲነግራት ፊልሙን መለሰችለት። ተራው የእኔ ሆነ።

"ዶክተር" አልኩ፣ "ይህን የሚያደርጉት ለጥናትዎ ሲሉ ነው?"

ድሬሰሩ መሬት መሬት አየ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ ሐኪም እንዲህ አይጠየቅም ነበር።

"አይደለም" አለ። "ጥናት ባይኖረኝም እንዲሁ ነበር የማደርገው፤ አስተማሪዎቼም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ። ጥናቱ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጄሶዋን ፈትቼ በሰላም ግቢ እላትና እረሳታለሁ። አሁን ግን እስክትደርስ ድረስ ልረሳት አልችልም።"

"ከተሳሳቱስ?"

"ከተሳሳትኩ ስህተቴን እጽፋለሁ። ከሷ በኋላ ለሚሰበረው ልጅ ይጠቅማል። ለሷ ግን አይጠቅማትም። ይህን አልዋሽሽም።"

ያመንኩት በዚህ ነው። ሁሉ ነገር ይሆናል፣ አትስጊ ቢለኝ ኖሮ ብርድ ልብሱን እዘረጋ ነበር።

ሴትየዋ ታየኝ ነበር። "አባዮ" አለችኝ። እኅቴ ማለት ነው፤ ይህችን ቃል አውቃታለሁ። በአገጯ ወደ ልጄ፣ ከዚያ ወደ በሩ አመለከተች፤ ትወስጃታለሽ ወይ ማለቷ ነው። ብርድ ልብሱን አጣጥፌ አልጋው ሥር ከተትኩት። እሷም ወደ ደጅ ወጣች፤ ወንድሟን አሰናብታ ተመለሰች። ጫማውን በቁራጭ ጨርቅ አስራ የልጇ አልጋ ግርጌ፣ ከአሸዋው ከረጢት ጋር አንጠለጠለችው።

"ኧረ ክብደት ጨመራችሁብኝ!" ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። ወደ ራስጌው አዛወርነው።

ከዚያ ወዲያ እንደ አንድ ቤት ሰው ሆንን። እሷ ስትወጣ ሁለቱንም ልጆች እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔ ስወጣ እሷ። እኔ ካበሰልኩት ለልጇ አጎርሳለሁ። ዘመዶቿ ወተት ሲያመጡላት ደግሞ ለልጄ ቀድታ ዘረጋችልኝ። የግመል መሆኑን በጠረኑ አወቅሁት። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ አይሆንም። ከዚያ ሁሉ ሣቅ በኋላ እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። ቆይታ ገባት። አልተቀየመችም። በማግስቱ ሌላ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ያን ቁጥብ አንደበቷን ከፍታ፣ በሙሉ ድምፅ፣ "እምቧ!" አለች።

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ሲስተሯ ከሌላ ክፍል ሮጣ መጣች። ልጄ ወተቱን ጠጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ማለት ትታ "እምቧ አምጪልኝ" ነበር የምትለው።

ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ምሥራቅ፣ እሷ ወደ ሰሜን ዞረን እንጸልያለን። ሐኪሙ ቀድሞ ከደረሰ እስክንጨርስ በር ላይ ይቆማል። "በሁለት በኩል ተይዣለሁ" ይል ነበር፤ "ብሳሳት ማምለጫ የለኝም።"

ሶማሊኛዬንም ማረም ጀመረች። አንድ ቃል ትልና አፌን ታያለች። ስሳሳት ጫማውን አንሥታ ታሳየኛለች። በቃ፣ ሁለታችንም እንሥቃለን። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ልጄ ከልጁ ጋር በሁለት ቋንቋ ስትጣላ ያገኛታል። የሚጣሉት የማን ከረጢት ይከብዳል በሚል ነው።

አጥንታቸው መያያዝ ሲጀምር ሁለቱም በጄሶ ታሸጉ፤ ከወገባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። ያን ጊዜ ተለያየን። ሴትየዋ ልጇን በጭነት መኪና ወደ አገሯ ወሰደችው፤ እኛም ወደ ቤታችን ገባን። ቆይቶ ጄሶው ተፈታ።

ልጄ ስትቆም አየኋት። ቀኝ እግሯ አጥሯል። የጣት ውፍረት ያህል። ሐኪሙ በቀኝ እግሯ ሥር ቀጫጭን ጣውላ እየጨመረ፣ ወገቧ እኩል እስኪሆን ለካት።

"እንዳሰብኩት ነው" አለ።

እንዳሰበው መሆኑ አላጽናናኝም። ልጄ ታነክስ ነበር። ከደጃችን እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አንገቷ ከፍ ዝቅ ሲል ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ። የሰፈር ልጆች አካሄዷን እያስመሰሉ ይከተሏታል። እሷ ግን ዞራ፣ "እኔ እኮ አጥንቴ እየቸኮለ ነው!" ትላቸዋለች። ከሐኪሙ የሰማችውን እንደ ማዕረግ ይዛዋለች። እኔ እንደሷ ባምን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

ጫማዋን ስታወልቅ ገልብጬ ማየት ለመድኩ። የግራው እንደ ማንኛውም ጫማ ተረከዙ ይበላል። የቀኙ ግን ጣቷ ጋ ብቻ ነው የሚያልቀው፤ ተረከዙ እንደ አዲስ ነው። እግሯ መሬት አይደርስማ። እትዬ አንድ ቀን ጫማውን ይዤ አገኙኝ።

"አሁንስ ጫማ ማንበብ ጀመርሽ? ጸሎትሽን ብታደርሺ አይሻልም?"

"እሱንም አደርሳለሁ፣ እትዬ።"

አጠገቤ ተቀመጡ። ጫማውን ከእጄ ወስደው እሳቸውም ገልበጥ አደረጉት። ስለ ወጌሻው ከዚያ በኋላ አላነሡብኝም።

ሐኪሙ እንዳለው አልረሳትም። በየጊዜው እንጠራለን። ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በኮሪደሩ ይሰለፋሉ፤ የማያውቅ ሰው መስጊድ ደጅ ይመስለዋል። ሴትየዋም ልጇን ይዛ ትመጣለች። ሐኪሙ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ጣውላውን ይደረድራል፣ ሶሉን ይዳስሳል፣ ይጽፋል። ጣውላው በየጊዜው እየሳሳ ሄደ። አንድ ጊዜ ግን ምንም ሳይለወጥ ቆየ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ለክቶ ያንኑ ቁጥር ጻፈ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም።

ክረምት መጣ፣ ሄደ። ሌላም ክረምት መጣ። ለአዲስ ዓመት አዲስ ጫማ ገዛንላት። ለጥቂት ጊዜ ሳልገለብጠው ቆየሁ፤ አዲስ ሶል ምንም አይናገርምና። ጥምቀት አልፎ፣ ከታቦቱ ኋላ ስትሮጥ ከዋለች በኋላ፣ አንሥቼ አየሁት። ሁለቱም ተረከዛቸው ተበልቷል። ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኳቸው። አፈር ጠረግሁላቸው። ግራውን ከቀኙ በቅርጹ ካልሆነ በቀር በሌላ መለየት አቃተኝ።

ባለቤቴን ጠራሁት። መነጽሩን አድርጎ አየ።

"የትኛው እግሯ ነበር?" አለኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ልጃችን ግቢው ውስጥ ባዶ እግሯን ትዘላለች።

ቀጠሯችን ሲደርስ ሐኪሙ ያለ ጣውላ አቆማት። ለካ። እንደገና ለካ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣና ሦስተኛ ለካ።

"ደረሰች" አለ።

ድምፁ ተለውጧል። ለካስ እሱም ሲፈራ ነው የኖረው።

ቀጥሎ የሴትየዋ ልጅ ተራ ሆነ። ረዝሟል፤ ሌላ ጫማ ተጫምቷል። እናቱ ግን ከጨርቅ ውስጥ ያን ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ አወጣች። ከጠበበው ቆይቷል፤ አልጣለችውም። ሶሉ ከማለቁ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል። ሁለቱም ተረከዛቸው ጋ፣ በአንድ ቦታ ነው የተበሱት። ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ከቦ" አለች፣ እንደ ድሮዋ ቃል እያስጠናችኝ። ከዚያ የልጇን ጭን መታ መታ አደረገች። "ዋ ለ ከበይ።"

ድሬሰሩ አላስፈለገኝም።

"ተጠግኗል ትላለች" አልኩ ለሐኪሙ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። "ጫማ ተገዝቶለታል አላለችም?"

የዚያን ቀን ሣቃችን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ጥላውን ለእመቤታችን አስገባሁ። ልጄ ራሷ ይዛው እስከ ቅጽሩ በር ሄደች፤ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ሆኜ አየኋት። አንገቷ ከፍም ዝቅም አላለም።

ሐኪሙ ቆይቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ጥናቱ የት እንደደረሰ፣ ማን እንዳነበበው አላውቅም። ይጽፍበት በነበረው መዝገብ ውስጥ ልጄም የዚያች ሴት ልጅም አንድ መስመር ይኖራቸው ይሆናል። ከነሱ በኋላ የተሰበረ አንድ ልጅ በዚያ መስመር ተጠቅሞ ከሆነ ደስ ይለኛል። ሴትየዋንም ዘመኑ ሲለወጥና እኛ ከጅጅጋ ስንወጣ አጣኋት። በጸሎቴ ሁለቱንም አነሣቸዋለሁ።

ልጄ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። እሷ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ጎንበስ እላለሁ።

"እማዬ፣ ዛሬም?" ትለኛለች።

"ዛሬም" እላታለሁ። ገልብጬ አይቼ፣ አመስግኜ፣ ጎን ለጎን አስቀምጠዋለሁ።